ከኒሙ ጥላ ስር የተሰለፉልኝ

ስብሰባ የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወንበር አከራይ ነው። የኛን ሰፈር ሰውማ «ለስብሰባ ና» ከምትሉት «ጥርስህን እንንቀልህ» ብትሉት ይሻለዋል።

ሰፈራችን የገንዳ ውሃ ከተማ ጫፍ ላይ ናት። ከተማው እዚያ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰሊጥ መሬት ነው። ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ዘበኛውም፣ ጡረተኛውም ተሰባስበን እንኖርባታለን። እኔ አዳነ እባላለሁ፤ የትራክተር መካኒክ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከትራክተር ስር ተኝቼ ስለኖርኩ ጎረቤቶቼ ከፊቴ ይልቅ እግሬን ያውቁታል። እኔም ብሆን እነሱን የምለየው በጫማቸው ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ታመጣብኛለች።

የእድር ስብሰባ ለሁለት ሰዓት ይጠራል እንበል። በሦስት ተኩል ሰባት ሰው ይመጣል። ከሰባቱ ሦስቱ ስብሰባውን የጠሩት ናቸው። አንዱ ደግሞ በግ ጠፍቶበት ሲፈልግ የደረሰ ነው። «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ተሟልቷል!» ብሎ የሚጮኸው ያ በግ የጠፋበት ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅለት።

አመራረጣችንስ ብትሉ? በኛ ሰፈር የሚመረጠው የቀረ ሰው ነው። ምን ብሎ እምቢ ይላል፣ የለማ! አንድ ጊዜ ሽንፋ ከተማ ድረስ የተበላሸ ትራክተር ልጠግን ለሁለት ቀን ሄድኩ። ስመለስ ግቢዬ ውስጥ የእድሩ ድንኳን ከነብረቱ ተከምሮ ጠበቀኝ። በሌለሁበት የድንኳን ኃላፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። ያውም በሙሉ ድምፅ! የተቃወመ ሰው ራሱ ስለሚመረጥ ማንም ትንፍሽ አላለም። ይኸው እስከ ዛሬ ከድንኳን ጋር እኖራለሁ፤ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ዶሮዎቿን እዚያ ስር ታስፈለፍላለች።

ጋሽ ካሳን ደግሞ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ደግ ሰው። «የሚደግፍ» ሲባል እጃቸውን ያወጣሉ። «የሚቃወም» ሲባልም ያወጣሉ። በሁለቱም ያወጣሉ እላችኋለሁ! ቆጣሪው በእሳቸው የተነሳ ስንት ጊዜ ሒሳቡ ጠፍቶበታል። አንድ ቀን እንዲህ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሁሉም ጎረቤታቸው መሆኑን፣ አንዱን አስደስተው ሌላውን ማስቀየም እንደማይችሉ ነገሩኝ። «ድምፀ ተአቅቦ» ሲባልስ? ያን ጊዜ ክንዳቸው ስለሚዝል ያወርዱታል።

እንግዲህ እኔ ለምርጫ ልወዳደር የተነሳሁት በዚህ ሰፈር ነው።

ነገሩ ውሃ ነው። ሰፈራችን ቦኖ አልነበራትም። ሴቶቻችን አስፋልቱን ተሻግረው ከሌላ ሰፈር ነበር የሚቀዱት። ጥሩወርቅ በቀን ሦስት ጀሪካን ታመላልስ ነበር። የመጨረሻውን ጀሪካን አውርዳ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል አንጀቴን ትበላዋለች። ክረምቱ ሲወጣ ታዲያ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ለሰፈራችን አንድ ቦኖ ፈቀደ። ቧንቧው ከእነሱ፣ ቁፋሮው ከእኛ። አንድ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንድንመርጥ ተነገረን። ቦኖው የሚተከልበትን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው፤ ቁልፉም የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው።

ቁልፉ! ሰው መቼም ለራሱ አይዋሽም። ያን ቃል ስሰማ ራሴን በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ቁልፉን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ የሰፈሩ ሰው «ጋሽ አዳነ፣ እባክዎ ይክፈቱልን» ሲለኝ አየሁት። ቦኖውን በሬ ላይ አስተክለዋለሁ። ጥሩወርቅ ሦስት እርምጃ ተራምዳ ትቀዳለች። እሷም ታርፋለች፣ እኔም እከበራለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ምሳ ላይ ነገርኳት። ለማን ብዬ እንደምወዳደር ጠየቀችኝ። ላንቺ ነዋ አልኳት። «ለእኔ ከሆነ እኔን ጠይቀኛ» አለችና ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። እኔ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። ሴት ልጅ ስትደሰት አፍ አውጥታ አትናገርም ብዬ ሽሮዬን ጨረስኩ።

ተቃዋሚዬ ወይዘሮ ዘሀራ ነበረች። ከሰፈሩ በታችኛው ጎን ሱቅ አላት፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ የሱዳን ሽቶ ትሸጣለች። ከተመረጠች ቦኖውን ከሱቋ አጠገብ እንደምታስተክል ተናገረች። እኔ ከምንም አልቆጠርኳትም። ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰዉ ምን አለኝ መሰላችሁ? «አንተ እያለህ ማን ሊመረጥ!» አለኝ። አንዱ በልጁ ማለ። አንዷ በመድኃኔዓለም ማለች። ሌላው ወላሂ አለ። ጋሽ ካሳ ደግሞ እጄን ጨብጠው ድምፃቸው የእኔ መሆኑን አረጋገጡልኝ። እዚህ ላይ እንኳ አልጠረጠርኩም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እጅ በማውጣት እንዳይሆን ተባለ፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፣ ጋሽ ካሳ ናቸው። በሰልፍ ይሁን ተባለ። እያንዳንዱ ሰው ከሚፈልገው ተወዳዳሪ ኋላ ይቆማል፤ አንድ ሰው መቼስ ሁለት ቦታ አይቆምም። ቀኑ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት። ቦታው ደግሞ ከደጋ የሚመጡ አውቶቡሶች ሰው የሚያወርዱበት፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ሜዳ።

የመስከረም መጨረሻ የቆላ ፀሐይ በሦስት ሰዓት ምን እንደምትመስል ለማታውቁት አልነግራችሁም፤ አታምኑኝም። ሜዳው ላይ ያለው ዛፍ አንድ ኒም ብቻ ነው። ታዲያ እኔ ሞኝ ነኝ? ከሁሉ ቀድሜ ሄጄ ጥላውን ያዝኩት። ንጹሕ ካኪዬን ለብሼ፣ ትራክተር የተሳለበትን ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ቃል የገባሁበትን ወረቀት ይዤ፣ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ቆምኩ። ዘሀራ ዘግይታ መጣችና ከፊት ለፊቴ፣ ፀሐዩ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ቆመች። አዘንኩላት። በዚህ ቃጠሎ ጥላ ትቶ እሷ ጋ የሚሰለፍ ማን እብድ አለ?

ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ የመጣው ወጣት ለአካባቢው አዲስ ነው፤ ማንንም አያውቅም። ተሰለፉ አለ።

እኔ ወደ ኋላዬ አልዞርኩም። መዞር ድምፅ መለመን ይመስላል ብዬ አንገቴን አቅንቼ ቀረሁ። ከኋላዬ ግን የእግር ኮቴ እሰማለሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት አሥር፣ ከዚያ ዱብ ዱብ ብቻ ሆነ። ፊት ለፊቴ የዘሀራ ሰልፍ ይታየኛል፤ ግን ጃንጥላና ነጠላ ነው፣ ፊት አይለይም። ሴቶቹ ናቸው ብዬ ናቅኩት። ወጣቱ የእሷን ቆጠረ። ከዚያ የእኔን መቁጠር ጀመረ። ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ ላቡን ጠረገ፣ እንደገና ቆጠረ። ይቺ ሰፈር ይህን ሁሉ ሰው ከየት እንዳመጣች አንዱን ጠየቀ። የእሷን እጥፍ ሆኖ ጨረሰ!

«አቶ አዳነ ተመርጠዋል» አለ።

ደነገጥኩ። በደስታም ሰው ይደነግጣል። ሰባት ሰው በማይሰበሰብበት ሰፈር ይህን ያህል ሕዝብ ለእኔ ወጣ! ዞር አልኩና አየሁ። ሰልፉ ከኒሙ ጥላ አልፎ እስከ መንገዱ ዳር ደርሷል። አንድም የማውቀው ፊት የለም። አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ከትራክተር ስር ተጋድሜ ጎረቤቶቼን እንኳ ሳላውቅ መኖሬ ነው ብዬ ራሴን ወቀስኩ። አንዳንዱ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሟል። ብዙው ማጭድ ይዟል። ይኸው ለቁፋሮው ተዘጋጅተው መጥተዋል ብዬ እንባዬ መጣ። በማጭድ እንደማይቆፈር እንኳ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ንግግር አደረግሁ። አደራቸውን እንደማልበላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ውሃ እንደማይጠማው፣ ከኋላዬ የቆመ ሰው እንደማያፍር ተናገርኩ። አጨበጨቡ። ኧረ አንዱ በፉጨት አጀበኝ! «ሹመት ያዳብር» የሚል ሰው ስጠብቅ አንድ ረጅም፣ ከሲታ ጎልማሳ ከሰልፉ ወጥቶ እጅ ነሳኝ። ስሙ ይስማው መሆኑን፣ ከጎጃም መምጣቱን በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ጋሼ፣ ትራክተሩ መቼ ነው የሚመጣልን?» አለኝ።

«የቱ ትራክተር?»

«የሚጭነን ነዋ! መሬቱ ሩቅ ነው እንዴ? ክፍያውስ በሒላ ነው በቀን?»

ክው አልኩ።

ነገሩ ላልገባችሁ ላስረዳ። መስከረም ሲያልቅ ሰሊጥ ለማጨድ ከጎጃምም ከወሎም ብዙ ሰው ወደኛ ይወርዳል፤ ሳሉግ እንላቸዋለን። ቅጥሩ እንዲህ ነው። አንድ ካቦ ኮፍያ አድርጎ፣ ወረቀት ይዞ ጥላ ስር ይቆማል። የተስማማ ሰው ከኋላው ይሰለፋል። ካቦው ቆጥሮ በትራክተር ተጎታች ጭኖ ይወስዳቸዋል፤ ያሰሩትን ሰሊጥ ሰብስበው የሚያቆሙት ክምር ሒላ ይባላል፣ ብዙ ጊዜም የሚከፈላቸው በእሱ ልክ ነው። እንግዲህ ገና ከአውቶቡስ የወረደ ሰው እኔን በዚያ ኮፍያ፣ በዚያ ወረቀት፣ በዚያ ጥላ ስር ቢያየኝ ምን ይበል? የውሃ ኮሚቴ ተወዳዳሪ ነው ይበል? እኔ ራሴ መስታወት ውስጥ ብታይ እሰለፍ ነበር።

ወጣቱ ባለሙያ ነገሩ ሲገባው ቀይ ሆነ። የሰፈሩ ነዋሪ ያልሆነ ከሰልፉ እንዲወጣ ጠየቀ። ይስማው ግን ከተቀጠሩ ከዛሬ ጀምሮ ነዋሪ እንደሚሆኑ ሊያስረዳው ሞከረ። በመጨረሻ እያጉረመረሙ ወደ ጎን ወጡ። እየወጡ፣ እየወጡ፣ እየወጡ ሰልፌ አለቀ።

አንድ ሰው ቀረ። ጋሽ ካሳ! ግንዱን ተደግፈው ቆመዋል። ሮጬ ልስማቸው ስል ወጣቱ በጥርጣሬ አያቸው። ቅድም የወይዘሮ ዘሀራን ሰልፍ ሲቆጥር ይህን ጢም እዚያም አይቷል። ጋሽ ካሳ አልካዱም። እዚያ ከተቆጠሩ በኋላ በኒሙ ጀርባ ዞረው መምጣታቸውን፣ ሁለታችንም ጎረቤቶቻቸው መሆናችንን በትሕትና ገለጹ። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተረፈኝ ግማሽ ጋሽ ካሳ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የእኔ ግን ከጠባ በኋላም አላለቀም። ቀና ብዬ የዘሀራን ሰልፍ አየሁ። ጃንጥላው ወርዷል፣ ነጠላው ከፊት ተገልጧል፤ ሁሉም አንገቱን እያሰገገ እኔን ያያል። በልጁ የማለው እዚያ ነው። በመድኃኔዓለም የማለችው እዚያ ናት። ወላሂ ያለውም እዚያው፣ ላቡ በጀለቢያው ላይ ይወርዳል። ጥላ እያለ ፀሐይ ላይ ቆመዋል! እኔን ላለመምረጥ ሲሉ ተቃጥለዋል! እና ከዘሀራ ቀጥሎ፣ ከሁሉ ፊት፣ የዘሀራን ጃንጥላ ይዛ የቆመችው ማን ናት? ጥሩወርቅ! የኔዋ ጥሩወርቅ!

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አልደነገጥኩም። ሜዳውን አቋርጬ ሄድኩና ምን አደረግሁሽ አልኳት። አልደነገጠችም፣ አላፈረችም።

«ለእኔ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ አላልኩህም?» አለችኝ። «የኛ በር እኮ ጉብታ ላይ ነው። ውሃው ሽቅብ ይወጣል? አሁን የምንቀዳበት እታች እንኳ በሰላሙ ቀን ክር አክሎ ነው የሚመጣው። አንተ ደግሞ መካኒክ ነኝ ትላለህ!»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ተቀባበሉት። የዘሀራ ሱቅ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑን፣ ለሁሉም ቤት መሐል መሆኑን፣ ሴቶቹ ይህን ጉዳይ ውሃ ወረፋ ላይ ሆነው ካወሩት መቆየቱን አስረዱኝ። ባሎቻቸውንም ያሳመኑት እነሱ ናቸው። ታዲያ ያ ሁሉ መሐላ ምን ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ቤታቸው ድረስ የመጣን ሰው ማሳፈር ነውር ስለሆነ ነው አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ለካ ጋሽ ካሳ ነው! እሳቸው ብቻ በግልጽ ያደርጉታል። ደግሞስ ውሃው ሽቅብ እንደማይወጣ እኔ አጣሁት? የነዳጅ መስመር ሲበላሽ በቀን አሥር ጊዜ የማየው ነገር ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ታይቶኝ ስለነበር ጉብታው አልታየኝም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ወጣቱ ወይዘሮ ዘሀራን ተመራጭ ብሎ ጻፈ። ሰዉ ወደ ቤቱ ሊበተን ሲል ይስማውና ጓደኞቹ አሁንም ከኒሙ ስር ቆመዋል። የተመረጠችው እሷ መሆኗን፣ እኔ መሬትም ሰሊጥም እንደሌለኝ ነገርኳቸው። አልተንቀሳቀሱም። ሌሎች ካቦዎች በዚያ ቢያልፉ እንኳ ሄደው እንደማይሰለፉ ይስማው ነገረኝ። ለካ በእነሱ ወግ ከአንድ ሰው ኋላ የቆመ ሰው፣ ያ ሰው ራሱ በቃኝ ብሎ ካላሰናበተው፣ የተሻለ ቢገኝም ትቶት አይሄድም።

በቃኝ ልላቸው አፌን ስከፍት ዘሀራ ደረሰች። ሰሊጡ ሊደርስ ገና ሦስት አራት ቀን እንደሚቀረው ነገረቻቸው። በቀን ክፍያ፣ ምግቡን የሰፈሩ ሴቶች እያበሰሉ፣ የቧንቧውን ቦይ እንዲቆፍሩልን ጠየቀቻቸው። ሰፈሩ ለቁፋሮው ከየቤቱ ያዋጣው ገንዘብ ነበረ። መዋጮውስ ተዋጣ፣ ቆፋሪ ነው የጠፋው፤ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አካፋ ይዞ የመጣ ሰው የለም።

ይስማው ዘሀራን ሰማትና ወደ እኔ ዞረ።

«እኛ የተሰለፍን ለእርስዎ ነው ጋሼ። እርስዎ ቆፍሩ ካሉን እንቆፍራለን። ካላሉን ግን እሷን አናውቃትም።»

ዘሀራ አየችኝ። ጥሩወርቅ አየችኝ፤ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ያቺን እጅ ባላያት ኖሮ ምን እንደምል እንጃ። ቂም ይዞኝ ነበር፣ አልዋሽም። «ቆፍሩ» አልኳቸው።

ሦስት ቀን በዚያ ፀሐይ ኮፍያዬን ደፍቼ ቦዩ ላይ ቆምኩ። እኔ ካላዘዝኳቸው አካፋ አያነሱማ! ከዋናው መስመር ጀምረን፣ በኔ በር ስር አልፈን፣ ቁልቁል እስከ ዘሀራ ሱቅ። የኔን በር ስናልፍ ይስማው ቦኖው የሚተከለው እዚህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥል አልኩት። በአራተኛው ቀን ሰሊጡ ደረሰ፣ እውነተኛው ካቦ መጣ፣ እኔም በቃችሁ ብዬ አሰናበትኳቸው። አንድ በአንድ እጅ እየነሱኝ ተጎታቹ ላይ ወጡ። ይስማው ከላይ ሆኖ፣ በመጪው ዓመትም እዚያው ዛፍ ስር ከቆምኩ እንደሚመጡ ነገረኝ።

ውሃው መጣ። ቁልፉ ዘሀራ አንገት ላይ ነው። ከሱቋ እስከ ጉብታው ጀሪካኑን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ጥሩወርቅ ወሰነች፣ ድምፅ አልተሰጠበትም። ወገቧን መያዝ ትታለች።

እና እናንተ፣ መራጭ ቃሉን አይጠብቅም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። የእኔ መራጮች ከኋላዬ ቆሙ፤ መሬት የለኝም ብላቸው አልሄዱም፤ ባዘዝኳቸው ቦታ ቆፈሩ፤ እስካሰናብታቸው ድረስ አልከዱኝም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ አያውቁኝም።